ገዳፊ የሌለው ግድፈት

በአማርኛ አንድ ሰው ስሙን ከዝርዝር ውስጥ ሲያጣ ቢያንስ ሦስት ነገር ሊል ይችላል፦ «ስሜ ቀረ»፣ «ስሜ ተዘለለ» ወይም «ስሜን አስቀሩት»። የጎደለው ነገር አንድ ነው፤ ክሱ ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው አድራጊ የለም፤ ስሙ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። በሁለተኛው አድራጊ እንዳለ ይታወቃል፤ ማንነቱ ግን ተሸፍኗል። በሦስተኛው ሰዎች አሉ፣ ፈቃዳቸውም አለ። ቋንቋው ይህን ሁሉ በግስ ብቻ መለየት እየቻለ፣ የተቋማት መግለጫዎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። «ግድፈት ተፈጥሯል» ይላሉ።

ግድፈት ግን ከጥንት እንዲህ ለስላሳ ቃል አልነበረም። በግእዝ «ገደፈ» ማለት ጣለ፣ ተወ ማለት ነው፤ የሚጥል እጅ ያለበት ግስ ነው። በአማርኛም በሁለት ቦታ ሥር ሰድዷል። አንደኛው ጾም ነው። ጾም ገደፈ የሚባለው በጾም ቀን የፍስክ ምግብ የበላ ሰው ነው። በጾሙ ላይ ግድፈት ተስተውሏል ብሎ ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሰው የለም፤ ገደፍኩ ይላል እንጂ። ሁለተኛው የብራና ጸሐፊው ቤት ነው። ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ የገልባጩ ዓይን ከላይኛው ወደ ታችኛው ይዘላል፤ በመካከል ያለውም ይገደፋል። ብራና እንደ ዛሬ ወረቀት ተቀድዶ የሚጣል አይደለምና፣ ጸሐፊው ወይም በኋላ የሚያርመው ሰው የቀረውን በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጽፈዋል፤ የት እንደሚገባም በምልክት ያሳያል። ከብዙ ዘመን በኋላ መጽሐፉን የሚገልጥ አንባቢ ምን እንደቀረና የት እንደቀረ በዓይኑ ያያል።

የቢሮው ግድፈት ከእነዚህ ከሁለቱም ተለይቷል። ተናዛዥ የለውም፤ የኅዳግ ምልክትም የለውም። ይባስ ብሎ በቅርብ ዓመታት ይኸው ቃል ራሱ የበዛ መስሎ ለ«ክፍተት» ቦታውን እየለቀቀ ነው። «የአፈጻጸም ክፍተት ታይቷል» የማይል ሪፖርት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ግድፈት ቢያንስ መኖር የነበረበት ነገር እንዳልኖረ ያስታውሳል፤ ክፍተት ግን ባዶ ቦታ ብቻ ነው፣ በግድግዳ ላይ እንደሚገኝ ስንጥቅ።

የሚገርመው የአገሪቱ ሕግ ራሱ እንዲህ አይናገርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2029 ጥፋት በማድረግም ባለማድረግም ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 23 የተከለከለውን ማድረግን ብቻ ሳይሆን የታዘዘውን አለማድረግን በወንጀል ትርጉም ውስጥ ያስገባል። አለማድረግ የሚለው ቃል ደግሞ ወዲያው አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ የማድረግ ግዴታው የማን ነበር? ግድፈት ተፈጥሯል የሚለው አነጋገር የሚያስቀረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ እንዳልሆነ የ1999ኙ ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በቂ ምስክር ነው። ውጤቱ ይፋ ሲሆን የአማራ ክልል ሕዝብ ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ተገኘ። በምክር ቤትም ጥያቄ ተነሣ። በሕዝብ አፍ የገባው ግስ «ጠፋ» የሚለው ነበር፤ ይህም እንደ «ቀረ» አድራጊ የሌለው ግስ ነው። በውስጡ ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ታጭቀዋል። ትንበያው ከመጠን በላይ ተጋኖ ነበርን? ቆጣሪዎች ቤቶችን ዘለሉን? ወይስ አንድ አካል ሆን ብሎ ቁጥሩን ቀነሰ? የመጀመሪያው የስሌት፣ ሁለተኛው የአሠራር፣ ሦስተኛው የወንጀል ጉዳይ ነው፤ ማስረጃቸውም ተጠያቂያቸውም ለየቅል ነው። «ጠፋ» ሦስቱን ስለደባለቀ፣ ክሱ በሁሉም ላይ አርፎ በማንም ላይ ሳይጸና ቀረ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታቅዶ በተደጋጋሚ «ተራዘመ»፤ በሰኔ 2011ም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ማራዘሙን በድምፅ አጸደቁ። የጸጥታው ሁኔታና የተፈናቃዮች ብዛት ምክንያት ሆነው ቀርበዋል፤ ምክንያቶቹም ቀላል አልነበሩም። ቢሆንም በ2000 የተወለደ ልጅ ለመምረጥ ዕድሜ እየደረሰ በአንድም አገር አቀፍ ቆጠራ ውስጥ የለም። የበጀት ድልድልም የትምህርት ቤት ዕቅድም በግምት ይሠራለታል። ይህን ልጅ «ያልተቆጠረ» ማለት ይቀላል። እንዳይቆጠር የወሰነው ድምፅ ግን በቃለ ጉባኤ የተመዘገበ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ግድፈት ሳይሆን ውሳኔ ነው።

ሆን ብሎ ማስቀረት ሁሉ ግን የተሸሸገ አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህን ከራሳቸው ጉዳይ ያውቁታል። የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 የሌላ አገር ዜግነት ለያዙት በርካታ መብቶችን ሰጥቶ፣ መምረጥንና መመረጥን፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠርን በግልጽ ከለከለ። ብዙዎች በዚህ ያዝናሉ፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው። ሕጉ ግን የሚያስቀረውን ጠርቶ አስቀርቷል። ከልካዩ ምክር ቤት ይታወቃል፣ አንቀጹ ይታወቃል፤ እንዲሻሻል የሚፈልግ ሰው የትኛውን መስመር እንደሚሞግት አይጠፋውም። በ1999 ያልተቆጠረ ሰው ካለ፣ እሱ አቤቱታውን በየትኛው አንቀጽ ላይ ይጽፋል?