ሆድ ቁርጠት ሁሉ አሜባ አይደለም

ርዕሰ አንቀጽ



በመርካቶ ሆዱን የቆረጠው ሰው ምን ሆንክ ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ «አሜባዬ ተነሣብኝ» ይላል። ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ባለሱቁም፣ ተሸካሚውም፣ ጉልት ላይ የምትውለዋም እናት ይህንኑ ይላሉ። ቃሉ ከሐኪም አፍ ወጥቶ የሰፈር ቃል ከሆነ ቆይቷል። ቀጥሎ የሚሆነውም የታወቀ ነው። መድኃኒት ቤት ጎራ ይባላል፤ ፍላጂል ይገዛል፤ ቁርጠቱ በሁለተኛው ቀን ጋብ ሲል የተረፈው ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላ ቀን ደግሞ የጎረቤት ልጅ ሆዱን ሲያመው ይሰጠዋል።

ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያለ ምርመራ ኪኒኑን ገዝቶ ውጧል። በአራተኛው ሲመረመር የተገኘበት የጨጓራ ቁስለት እንጂ አሜባ አልነበረም። የባከነው ገንዘብ ይቅር፤ በከንቱ የተታመመው ጊዜ ግን አይመለስም። በመሆኑም ስለ አሜባ ምርመራና ሕክምና ጥቂት ነገር ልናስገነዝብ እንወዳለን።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቁርጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዓይነት አሜባዎች መኖራቸው ነው። አንደኛው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ ይባላል። አንጀትን የሚያቆስለው፣ ደም የሚያስቀምጠው፣ አልፎ ተርፎም ጉበት ገብቶ መግል የሚያስቋጥረው እሱ ነው። ሁለተኛው ኢንታሜባ ዲስፓር ይባላል፤ አንጀት ውስጥ ይኖራል እንጂ በሽታ አያመጣም። ኤሚል ብሩምፕት የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1925 ቢናገርም ብዙ ሰሚ አላገኘም፤ ልዩነታቸው በሳይንስ ተረጋግጦ የተጻፈው በ1993 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1997 ባወጣው ምክር፣ ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው በማይክሮስኮፕ ውጤት ብቻ የአሜባ መድኃኒት ሊሰጠው እንደማይገባ አሳስቧል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወንጂና እዚሁ በአቃቂ ተቅማጥ ይዟቸው የመጡ ሕመምተኞችን ሰገራ በረቀቀ የዘር ምርመራ አጣርቶ ነበር። ጎጂው ሂስቶሊቲካ አልተገኘም። አሜባ ተብሎ መድኃኒት ሲዋጥበት የኖረው ዲስፓር ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን ጎጂው አሜባ በአገራችን የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ሲይዝም ክፉ ነው። ያልነው በግምት አይለይም ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? የአሜባ ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ በድንገት አይጥልም፤ ቀስ በቀስ በቀናትና በሳምንታት ይብሳል። ሆድ ይቆርጣል፤ ያስምጣል፤ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ይወጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ኪኒን ከመዋጡ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ አሜባውን ማግኘት ያስቸግራልና። ሰገራው ሽንት ባልነካው ንጹሕ ዕቃ ይሁን፤ እዚያው ወጥቶ ወዲያው ይሰጥ። ሕይወት ያለው አሜባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንቀሳቀሱን ሊያቆም ስለሚችል፣ ጠዋት ከቤት በብልቃጥ ይዞ መጥቶ ወረፋ መጠበቅ ምርመራውን ያበላሻል። የመጀመሪያው ምርመራ ምንም ባያሳይ፣ በተለያየ ቀን እስከ ሦስት ጊዜ ቢታይ ይበልጥ ያስተማምናል። ባለሙያው ቀይ የደም ሕዋስ ዋጥ አድርጎ የሚንቀሳቀስ አሜባ ካየ ነገሩ ቁርጥ ወደ ማለት ይቀርባል። «ሲስት ታይቷል» የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ መጨነቅ ግን አይገባም።

እናቶች በተለይ ይህን ልብ በሉ። ሕፃን ልጅ ደም ቀላቅሎ ሲያስቀምጠው በአብዛኛው ጥፋተኛው ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። አሜባ ነው ብሎ ፍላጂል እየሰጡ መጠበቅ ልጅን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለምለሙን በጥብጣችሁ እያጠጣችሁ፣ ጡት የሚጠባ ከሆነም ሳታቋርጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወንዶችም እንዲሁ ልብ በሉ። አሜባ ጉበት ሲገባ ትኩሳት፣ ላብና በቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም ያመጣል። ከሴቶች ይልቅ በጎልማሳ ወንዶች ላይ እጅግ ይበዛል። ተቅማጥ ላይኖር ይችላል፤ ሰገራውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ነው። «ሸክም ጎድቶኝ ነው» እያሉ ማለፍ አያዋጣም።

ሕክምናው ሁለት ደረጃ አለው። ሜትሮኒዳዞል፣ ማለትም ፍላጂል፣ ወይም ቲኒዳዞል በሥጋ ውስጥ የገባውን አሜባ ይገድላል። አንጀት ውስጥ ቅርፊት ለብሶ የተኛውን ሲስት ግን ጠራርጎ አያወጣም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ቀጥለው ፓሮሞማይሲን ወይም ዲሎክሳናይድ የሚያዙት። ሁለተኛውን መድኃኒት ሐኪማችሁን ጠይቁ። የታዘዘው እስኪያልቅ ይወሰድ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ጠላም ሆነ አረቄ መጠጣት አይገባም። ደጋግሞ ለረጅም ጊዜ መውሰድም እጅና እግርን እስከ ማደንዘዝ ይደርሳል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ለምግብ መልካም ናቸው፤ ጉበት የገባን አሜባ ግን አያወጡም።

ክትፎም ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ነው። አሜባ የሚመጣው ከሰው ሰገራ ነው፤ በእጅ፣ በውሃና ባልበሰለ አትክልት በኩል። በተለመደው መጠን የሚጨመር ክሎሪን ሲስቱን አያጠፋውም፤ መፍላት ግን ያጠፋዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

እንግዲህ ሥሩ ያለው በየግቢያችን ነው። በብዙው ግቢ አንድ ሽንት ቤት ብዙ አባወራ ይጠቀምበታል፤ በሩ ላይ ግን ውሃም ሳሙናም የለም። ከዚያ የወጣ እጅ እንጀራ ይቆርሳል፤ ገንዘብ ይቆጥራል፤ ልጅ ያጎርሳል። ስለሆነም በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፤ ለእያንዳንዱ የጋራ ሽንት ቤት ቧንቧ የተገጠመለት አንድ ጀሪካንና ሳሙና በተጠቃሚዎቹ መዋጮ ይቀመጥ፤ የሚሞላውም በተራ ይሁን። ወጪው ተከፋፍሎ ሲታይ በግምት ከሚገዛው ኪኒን አይበልጥም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የበሽታውን ስም በግምት የሚያወጣም ከዚያ አይሻልም። ተመርምረን እንታከም፤ እጃችንን እንታጠብ። በስብሰባው ላይ እንገናኝ።