ቮልሷ መቼ ነው የምትደርሰው?

ይህን ጥያቄ ባለፉት ሁለት ዓመት ከስምንት ወራት ያልጠየቀኝ የለም። ባለቤቴ ጠይቆኛል፣ እህቶቼ በየተራ ጠይቀውኛል፣ የቢሯችን ጥበቃ ሳይቀር «ያቺ ቮልስ እንዴት ሆነች?» እያለ ነው በር የሚከፍትልኝ። ለረጅም ጊዜ ያልጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የመኪናዋ ባለቤት፣ አባቴ። ለምን እንዳልጠየቀኝ ያወቅኩበትን ቀን እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አባዬ ቮልሷን በ1977 ዓ.ም. ሁለተኛ እጅ ገዛት። ሰማያዊ ነበረች፤ ሊብሬዋ ላይ 1300 ይላል፤ የተሠራችው በፈረንጆቹ 1972 ነው። ይህቺን ዓመት አባዬ በጣም ይወዳታል። ቮልስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ስለሆነ፣ «የእኔዋ የሻምፒዮኗ ዓመት ልጅ ናት» ይላል። ከዚያ ደግሞ ወደ መስከረም 2 ቀን 1967 ይሻገራል፤ ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ ተጭነው ወደወጡበት ቀን። እንግዳ ሁለተኛ ቡና ሳይጠጣ ይህ ወሬ አያልቅም።

እኛ አራት ልጆች ያደግነው በእሷ ነው። እኔ የመጨረሻዋ ስለሆንኩ መቀመጫ አልነበረኝም። ቮልስ የምታውቁ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ለዕቃ የተሠራች ጎድጓዳ ቦታ እንዳለች ታስታውሳላችሁ። የእኔ ቦታ እሷ ነበረች። ሞተሩ ከበስተኋላ ስለሆነ በክረምት ጀርባዬን እያሞቀኝ፣ ከቦርሳዎቹ ጋር ተኝቼ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ። ዛሬ ልጄን በዚያ ዓይነት ቦታ አስቀምጬ ብነዳ ራሴን ነው የምከሰው፤ ያኔ ግን ማንም ምንም አላለም።

አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ መኪናዋ ቆመች። ግቢው ጥግ ላይ፣ በሸራ ተሸፍና፣ ዶሮ እንቁላል እየጣለባት ዓመታት ተቆጠሩ። መጋቢት 2015 ላይ «ሰኔ ውስጥ 75 ዓመት ይሞላዋል፤ ቮልሱን አሳድሼ ሰርፕራይዝ ባደርገውስ?» አልኩ። እንደ ፋብሪካዋ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ኑሮ እንድትመች አድርጌ፦ ልጄ እንድትሄድባት ከኋላ የደህንነት ቀበቶ ያላት፣ በየጊዜው ፑንቲና ከመሞረድ በኤሌክትሮኒክ የምትነሳ፣ ቀለሟ ከታች ቡኒ ከላይ ክሬም።

የእኔ እንጀራ ቀን ቆርጦ መሥራት ነው። አንድ ምርት ገበያ የሚወጣበት ቀን ከታወቀ የሬዲዮው ማስታወቂያ ተከፍሎበታል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ቀኑ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መካኒክ ከመፈለጌ በፊት ኤክሴል ከፈትኩ። ሁለት ሳምንት ለመፍታት፣ አራት ሳምንት ለባትላሜራ፣ ሁለት ለሞተር፣ ሁለት ለቀለም፣ አንድ ለወንበር ልብስ። አሥራ አንድ ሳምንት። አንድ ሳምንት እንኳ ለመጠባበቂያ ትርፍ ነበረኝ። ያንን ሰሌዳ አሁንም አላጠፋሁትም፤ ሳዝን እከፍተዋለሁ፣ ያስቀኛል።

ለአባዬ «ግቢውን ልናስጠግን ነው፣ መኪናዋ ለጊዜው አንድ ጓደኛዬ ጋ ትቀመጥ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። በሸራው ላይ እጁን አሳረፈና ወደ ቤት ገባ።

ጋራዡ 180 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ስህተቴን አሁን አውቀዋለሁ፤ ግማሹን ገንዘብ የተቀበለ ጋራዥ መኪናውን የሚፈታው ወዲያው ነው፣ የተፈታ መኪና ደግሞ ሌላ ቦታ አይሄድም። ባትሪዋ የምትቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ እርጥበትና የባትሪው አሲድ ከታች ያለውን ወለል ቀስ እያለ ይበላዋል። ምንጣፉን ሲያነሱት ከሥር የሚታየው የጋራዡ መሬት ነበር። የጎን ደረጃዎቹ ውስጥም ዝገቱ ገብቷል። ቮልስ ቦዲዋ ከወለሏ ላይ በብሎን ነው የታሰረችው፤ እሱን ፈትተው ቦዲዋን ለብቻ፣ ወለሏን ለብቻ አስቀመጡት። ሰኔ ደረሰ። ለአባዬ ልደት ኬክና ሹራብ ይዘን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ያለው «ዛሬ ነገ» ነው። የባትላሜራ ሠራተኛው ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ተተኪው ለሁለት ሳምንት መጥቶ ጠፋ። ስደውል «እየሠራን ነው እህቴ»፣ ስሄድ መኪናዬ ላይ የሌላ ሰው በር ተደግፎበታል። እኔም ትዕግሥተኛ ሆንኩ። ትዕግሥተኛ ያልኩትን ነገር አሁን ሳየው ግን ስንፍና ነበረበት፤ በወር አንድ ጊዜ ደውሎ ቅር መሰኘት ትዕግሥት ከተባለ እኔን የሚያክል ታጋሽ አልነበረም።

የባሰውን ጥፋት ያጠፋሁት ግን ስቸኩል ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሞተሩ ሳይፈታ ፒስተንና ሲሊንደር አዘዝኩ። በቮልስ አራቱ ሲሊንደሮች እየብቻቸው ስለሆኑ ከነፒስተናቸው በሙሉ ስብስብ መግዛት ይቻላል። ሊብሬው 1300 ስለሚል የ1300 ገዛሁ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከሻንጣዋ የዘመድ ስጦታ እየቀነሰች ያንን ሁሉ ብረት ተሸክማ መጣች። ጥር 2016 ላይ ሞተሩ ሲከፈት ባለጋራዡ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ 1600 ነው!» የ1300 ፒስተን ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር፣ የ1600 ደግሞ 85 ነጥብ 5 ነው። ስምንት ሚሊ ተኩል። በሥዕል ስታዩት ምንም አይደለም፤ ሞተር ውስጥ ግን ሌላ አገር ነው።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳብ ግን ይችላል። የዚያን ቀን ማታ የልጃችንን የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «እስካሁን ስንት ወጣ?» አለኝ። ነገርኩት። «እንደዚሁ እንሽጣት» አለ። ዩኒቨርሲቲ ስንማር ሰንክ ኮስት የሚባል ነገር ነበር፤ አንዴ ወጥቶ የማይመለስ ገንዘብ ለቀጣዩ ውሳኔ ምክንያት መሆን የለበትም የሚል። ፈተናው ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ለባለቤቴ ግን «ይህን ያህል አውጥተን እንዴት እንተዋታለን?» ነበር ያልኩት። ለሦስት ቀን ስለ እራት ብቻ ነው ያወራነው።

ግንቦት 2016 ላይ ጋራዡ ያለበት ሠፈር ለልማት ተፈለገ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ልቀቁ ተባሉ። ባለጋራዡ «ዕቃሽን አንሺ» አለኝ። ቦዲ፣ ወለል፣ በከረጢት የታሰረ ብሎን፣ የተፈታ ሞተር የት ይነሳል? እኔ አፓርታማ ነው የምኖረው። ያለኝ ግቢ አንድ ነው። አይሱዙ ተከራየሁና ቦዲዋን በገመድ አስረን፣ ጎማ የሌላት፣ መስታወት የሌላት፣ ግማሽ ጎኗ ስቱኮ የተቀባች ቮልስ ይዘን አባዬ በር ላይ ጡሩምባ ነፋን።

አባዬ ወጣ። የመኪናውን ጭነት አየ፣ እኔን አየ። ቆይቶ «አልሸጥሻትም?» አለኝ።

ለአሥራ አራት ወር የሸጥኳት መስሎት ኖሯል። ግቢው ሳይጠገን ሲቀር፣ መኪናዋም ሳትመለስ ስትቀር፣ ነገሩን ለራሱ ጨርሶታል። «ልጆቹ ገንዘብ ቸግሯቸው ይሆናል፤ ብጠይቃት ትሸማቀቃለች» ብሎ ዝም አለ። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ ማታ ማታ ወጥቶ ባዶው ጥግ ላይ ይቆም ነበር። እኔ ሰርፕራይዝ እያዘጋጀሁ ነው ብዬ ስደሰት፣ እሱ እኔን ላለማሳፈር እያዘነ ነበር።

በዚያው ቀን ከአልጋው ሥር አንድ ደብተር አወጣ። አባዬ ዕድሜውን በሒሳብ ሹምነት ነው የሠራው። ከ1977 ጀምሮ ዘይት የተቀየረበት፣ ጎማ የተገዛበት፣ ፍሬን የተሠራበት ቀንና ዋጋ ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ሚያዝያ 1994 ላይ «ሞተር ተቀየረ፣ 1600» ይላል። ያንን ሳምንት አስታውሰዋለሁ፤ በታክሲ ነበር ትምህርት ቤት የሄድነው። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ያ ሁሉ ብረት ውቅያኖስ ባላቋረጠ!

ትክክለኛውን ስብስብ ልንገዛ ስንል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሶማሌ ተራ ያለው ሻጭ የነገረኝን ዋጋ ለባለቤቴ የነገርኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሐዋሳ አልሄድንም።

ሥራው ግን ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሆነው። አባዬ በወጣትነቱ ያውቃቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አፈላልጎ አመጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመጡት። ቀብድ አልተቀበሉም፤ የሚከፈላቸው የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሙሉውን በከረጢት የመጣውን ብሎን በመለየት ጨረሱት። እኔ ሰዓቴን ሳይ «ልጄ፣ መኪና የሚፈታ ብዙ ነው፤ የት እንደነበረ የሚያስታውስ ነው የጠፋው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ዕቃ ሳይፈታ ፎቶ እያነሳሁ፣ በትንሽ ፌስታል እያሰርኩ፣ ስሙን እየጻፍኩ ረዳት ሆንኩ። አንዳንዱ ቅዳሜ ምንም ሳይሠራ ያልቃል። ኩሽኔታ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ የብየዳ ሠራተኛው ለቅሶ ይሄዳል። ቢሆንም ሄደን እንቀመጣለን። ልጄ ሳትቀር ፍሬቻና ካርቡራተር የሚሉትን ቃላት ተማረች፤ ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰብ ሥዕል ሲያሠሯቸው አያቷን ከመኪና ሥር በወጡ ሁለት እግሮች ነው የሣለችው።

ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ፣ ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ አባዬ ቁልፍ ይፈልጋል። በግራ እጁ በኩል አግዳሚው ላይ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ዳሰሰና አጣው። ስቄ አቀበልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ግላኮማ መሆኑ ተነገረን። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሳያም፣ ከዳር ዳር እይታን እየቀነሰ ነው የሚመጣው፤ የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል። ወላጆቻችሁ «ደህና ነው የማየው» ቢሏችሁም አስመርምሯቸው፤ አባዬም ደህና ነው የማየው ነበር የሚለው። ከዚያ ወዲህ በሰዓቱ ጠብታውን የምታስታውሰው ልጄ ናት።

ሐኪሙ ስለ መንዳት ሲነግረው አባዬ አልተከራከረም። ከክሊኒኩ ስንወጣ ግን «እንግዲያው ያንን ኤሌክትሮኒክ ያልሽውን አስገቢ፤ ፑንቲና መሞረድ አትችይም» አለኝ። ለወራት በእሱ ላይ ስንጨቃጨቅ ነበር። መኪናዋን ለእኔ እየሰጠኝ እንደሆነ የገባኝ ቤት ከደረስን በኋላ ነው። ቀለሙን ግን አሸንፎኛል፤ ክሬምና ቡኒው ቀርቷል፣ ሰማያዊ ነው የምትቀባው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሞተሩ ተነሳ። በአራተኛው ሙከራ። ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ ጎረቤት ወጣ፣ እናቴ እልል አለች። ቦሎ ስለሌላት ወደ አስፋልት አላወጣናትም፤ ከግቢው በር እስከ ኮብልስቶኑ መጨረሻ ሄደን ተመለስን። እኔ መሪውን ይዣለሁ፣ አባዬ ከጎኔ ነው፣ ልጄ ከኋላ በአዲሱ ቀበቶ ታስራለች። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል። «ሁለተኛ አስገቢ» አለኝ። አስገባሁ። «ቀስ፣ ፍሪሲዮኑን አትልቀቂው ቶሎ»። ለቀቅኩት፣ ጠፋች። ልጄ ሳቀች።

ማታ ደብተሩን ከፈተ። መስመሮቹ ስለሚደበቁበት አሁን በወፍራም እስክሪብቶ ነው የሚጽፈው። በትከሻው በኩል አየሁት፦ «ኅዳር 20 ቀን 2018። ሞተር ተነሳ። ዘይት 2 ሊትር ተኩል። የቀረ፦ ቀለም፣ የፊት ፓራውልት፣ ቦሎ።»