ኦቲዝም ያለው ሰውም ያረጃል

ባለፈው መስቀል ከአርባ ምንጭ ተነሥቼ በጨንቻ መንገድ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። ወላጆቼ ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ ሸማኔዎች ናቸው። መስቀል በመጣ ቁጥር ግን፥ እንደ ዶርዜ ሰው ሁሉ፥ ልባቸው ወደ ደጋው ይሸፍታል። ከአያቴ ግቢ አጠገብ አንድ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸው ሰባውን ሳያልፍ አይቀርም። በልጅነቴ ሳውቃቸው ከሸማ ጉድጓዳቸው አይለዩም ነበር። ሰው ሲያነጋግራቸው ፊቱን አያዩም፤ አንዱን ቃል ደጋግመው ይናገራሉ፤ ከበሮ ሲመታና ሆታው ሲደምቅ ጆሯቸውን ይዘው ይሸሻሉ። የጥለቱን ቁጥር ግን ባንዲት ክር እንኳ አይስቱም። ሚስት አላገቡም። ወንድማቸው ድሩን ያዘጋጁላቸዋል፥ የወንድማቸው ሚስት ፈትሉን ያቀርቡላቸዋል፥ የገበያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ወንድማቸው ሸማውን ይሸጡላቸዋል።

አሁን ሳያቸው ጉድጓዱ ባዶ ነው። ወንድማቸውም ሚስታቸውም ሞተዋል። ልጆቹ ሁሉ ሽሮ ሜዳ ናቸው። ጎረቤት ቆጮ ያቀብላቸዋል፤ ከዚያ በቀር ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ምሰሶ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ስለ እሳቸው አንዱን ዘመዴን ብጠይቀው፥ «ተዋቸው፤ እሳቸው እንደሆነ ብቸኝነት ይወዳሉ» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ቃል ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በእኚህ ሰው ላይ ስም ልለጥፍባቸው አልደፍርም። ነገር ግን ስለ ኦቲዝም የተጻፈውን ያነበበ ሰው እሳቸውን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ማለፍ ይቸግረዋል። ኦቲዝም ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። እርግማን አያመጣውም፤ የእናት አያያዝ አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት መሠረት ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም አለው። በዚህ ስሌት ቢታሰብ ሺህ ነፍስ በሚኖርበት መንደር ስምንት ያህል ሰዎች ይገኛሉ ማለት ነው። ታዲያ ከስምንቱ ውስጥ ያረጁት የት ናቸው?

«ኦቲዝም» ሲባል በሁላችንም አሳብ የሚመጣው ሕፃን ልጅ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ቃሉን «ራስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ያወጣው የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ሲሆን፥ ጊዜውም በ1911 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በ1943 ደግሞ ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካን አገር ስለ 11 ልጆች የጻፈው ጽሑፍ ለዛሬው ዕውቀት መነሻ ሆነ። የአሜሪካን የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ለኦቲዝም ራሱን የቻለ ቦታ የሰጠው ግን በ1980 ነው። ዛሬ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር። ስለዚህ በሠለጠኑት አገሮች እንኳ ስሙ ሳይታወቅላቸው ያረጁ እጅግ ብዙ ናቸው። በዶርዜ ደጋ ላይ የተወለደውንማ ማን ይጠይቀዋል? አንዱ «ሞኝ» ይለዋል፤ ሌላው «መንፈስ ይዞታል» ይለዋል፤ ደግ የሆነው ደግሞ «ብቸኝነት ይወዳል» ብሎ ያልፈዋል።

ከሦስቱ የኋለኛው ስሕተት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የደግነት ልብስ ለብሷል። ብቻ መሆን ሌላ፥ ብቸኝነት ሌላ ነው። ኦቲዝም ያለው ሰው ጫጫታና የሰው ብዛት ስለሚያደክመው ገለል ብሎ ማረፍ ይፈልግ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ሰው አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ራሳቸው ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ተጠይቀው በመለሱባቸው ጥናቶች ብቸኝነት ከሌላው ሰው ይልቅ እነሱን እንደሚያጠቃ ታውቋል። ሰው ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉት ግን በሚችሉት መንገድ ነው፤ አንድ ሰው፥ የታወቀ ሰዓት፥ የታወቀ ሥራ።

እርጅና ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለኔና ላንተ የወንድም ሞት ሐዘን ነው። ለእኚህ አዛውንት ግን ሐዘንም ነው፥ የቀኑ ሥርዓት መፍረስም ነው፥ አስተርጓሚ ማጣትም ነው። ከዓለም ጋር ያገናኛቸው የነበረው አንዱ ድልድይ ወንድማቸው ነበሩ። በለቅሶው ላይ እንደ ሌላው ሰው ደረት ስላልመቱ፥ «አልገባቸውም» ተባለላቸው። ሲያማቸውም «እዚህ ጋ ይወጋኛል» ብለው አይናገሩምና በሽታው እንዳደረ ይከርማል። ጥርስ የነቀዘበት ሰው ምግብ እንቢ ሲል፥ «ጠባዩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የኑሮ ጥራት የሚባለው ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ካነር ከጻፈላቸው ከ11ዱ ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባል ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ በሐኪም ምክር ከቤት አርቀው ተቋም አስገቡት፤ ኋላ ግን ጸጽቷቸው መልሰው ወሰዱት። ከዚያም ባንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ዘንድ ተቀመጠ። እዚያ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ልጁ ያገኘውን ሁሉ መለካት ስለሚወድ፥ ገበሬው ጕድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እንዲለካ አደረገው። የበቆሎውን ተርታ ደጋግሞ ስለሚቆጥር፥ እያረሰ እንዲቆጥር ፈቀደለት። ጠባዩን ከመስበር ይልቅ ሥራ ሰጠው። ዶናልድ ኋላ ኮሌጅ ገብቶ በ1958 ተመረቀ፤ በከተማው ባንክ ሲሠራ ኖረ፤ መኪና ነዳ፤ ጎልፍ ተጫወተ፤ ብቻውን ወደ ሩቅ አገር ተጓዘ። ወላጆቹ ከሞቱ በኋላም የከተማው ሰው ጠባዩን ለምዶት ስለ ነበር ሰላምታ የሚሰጠው፥ ባይታይ የሚፈልገው ሰው አላጣም። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ካነር በ1971 የ11ዱን ልጆች ኑሮ እንደገና ሲመረምር፥ ከእነሱ መካከል ወደ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የተላኩት ያላቸውን ችሎታ ሁሉ አጥተው እንደ ቀሩ በሐዘን ጽፏል።

«የዶናልድ ቤተ ሰብ እኮ ባለ ባንክ ነበር» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ቤቱንና ሥራውን ያስገኘለት የወላጆቹ ሀብት ነው። ነገር ግን ያ የገበሬ ቤት በጕድጓዱና በበቆሎው ያደረገው ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚህም በላይ ዶርዜ ያን ጥበብ ከማንም ሳይማር ያውቀው ነበር። ድርና ማግ ቁጥር ነው። እግር ይረግጣል፥ እጅ መወርወሪያውን ይልካል፤ ትላንት የሆነው ዛሬም ይሆናል። ለሌላው አሰልቺ የሆነው ያ ድግግሞሽ ለእኚህ አዛውንት ዕረፍታቸው ነበር። ወሬ ሳያወሩ ከሰው ጋር ይውላሉ፤ በሠሩት ሸማ ይከበራሉ። ማንም «ፕሮግራም» ብሎ አልቀረጸላቸውም፤ ግን ነበራቸው።

ይሁን እንጂ የገዛ አገሬን መልአክ ላድርጋት አልፈልግም። ባገራችን በብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ልጅ ከጓዳ ተደብቆ፥ አንዳንዴም ታስሮ ያድጋል። የጋሞ ደጋም ቢሆን ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ለረዥም ዘመን ከዱቡሻው ሸንጎ አግልሎ የኖረ አገር ነው። ማግለልን እናውቅበታለን። ነገር ግን ሌላም ነገር እናውቃለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው የተቆጣውን ወጣት እንደ መለሱና የሌላውን ሰው ሕይወትና ንብረት እንዳዳኑ አገር ሁሉ አይቷል። ለእንግዳው የተንበረከከ ሕዝብ፥ በገዛ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ለሚያረጀው ወንድሙ ጥቂት ጎንበስ ማለት ያቅተዋልን?

እስቲ አሁን ወደ መዲናችን እንመልከት። አሁን በሕይወት የሌለችው ዘሚ የኑስ የራሷ ልጅ ኦቲዝም ስላለበት ተነሥታ በ2002 እ.ኤ.አ. ባዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች። የነህምያ ማዕከልም በወላጆች ጥረት ተከተለ። እነዚህ ሰዎች ማንም ባልሰማበት ጊዜ ጮኸዋልና ምስጋና ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ትኩረቱ ሁሉ በልጆች ላይ ነው፤ ያም ከዋና ከተማው ርቆ ብዙ አልሄደም። ማዕከሉ በተከፈተ ጊዜ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ከሠላሳ አልፏል። ነገ አምሳ፥ ከነገ ወዲያ ሰባ ይሞላዋል። እናቱ የሞተች ዕለት ማን ይረከበዋል? ይህን ጥያቄ እያሰበች እንቅልፍ ያጣች እናት በየሰፈሩ አለች።

ሕጉ አልጎደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንዲሁም ለአረጋውያን እርዳታ እንዲያደርግ ያዛል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። እኚያ አዛውንት በሁለት በኩል፥ በእርጅናቸውም በአፈጣጠራቸውም፥ የዚህ ሕግ ባለ መብት ናቸው። የጎደለው ሕጉን ይዞ ከቤታቸው ደጃፍ የሚደርስ ሰው ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? ሰልፍ ውጡ አልልም። በመጀመሪያ፥ ሕክምና፥ ሥነ ልቡናና ማኅበራዊ ኑሮ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትፈልጉ ስላረጁት ጠይቁ፤ በዚህ በኩል የተጻፈው ባገራችን ብቻ ሳይሆን በዓለምም ጥቂት ነው። ሁለተኛ፥ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይዞራሉ። ስለ ሕፃኑ ክትባት ሲጠይቁ፥ ከምሰሶው ሥር ስለ ተቀመጡት ሽማግሌም ይጠይቁ ዘንድ ማሠልጠን ትልቅ ወጪ አይደለም። ሦስተኛ፥ የሸማኔ ማኅበራት እንዲህ ላለው ሰው አንድ ጉድጓድ ቢጠብቁለት፥ ፈትሉን በታወቀ ቀን ቢያደርሱለትና ሸማውን በታወቀ ቀን ቢረከቡት፥ ከምጽዋት ይልቅ የሚበልጥ ነገር ሰጡት ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በመሠረቱ የሸማኔ ተረት አይደለምን?

አራተኛው የሁላችንም ነው። በዚያው መስቀል፥ ሰው ሁሉ ወደ ሆታው ሲወጣ፥ እኔ ጥቂት ድር ይዤ ከአዛውንቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ምንም አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ክሩን ተቀብለው መቁጠር ጀመሩ፤ እኔም ዝም ብዬ ያዝሁላቸው። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ልሄድ ስነሣ ፊቴን ሳያዩ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ነገ?» አሉኝ። ብቸኝነት የሚወድ ሰው ስለ ነገ አይጠይቅም።

በማግሥቱ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ትምህርት ነበረብኝና ወረድሁ፤ ይህም እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እንዲህ ላለው ሰው አንድ ቀን መጥቶ መጥፋት ካለመምጣት የማይሻል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት የሆነ፥ ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው ፈልጎ አደራ መስጠት ያስፈልጋል። እኔም የአያቴን ጎረቤት ልጅ ለምኜ፥ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቀኑ ክር ይዞላቸው እንዲቀመጥ አድርጌአለሁ።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጠልፎ፥ በእንሰት ቅጠል ተከድኖ ሲሠራ እጅግ ረዥም ነው። ዓመታት ሲያልፉ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላው ሲቆረጥ ቤቱ ያጥራል፤ ግን ሰው ይኖርበታል። ሥፍራ መለወጥ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ከነሕይወቱ ተሸክሞ ያዛውረዋል እንጂ «አርጅቷል» ብሎ አያፈርሰውም። ለቤት ያደረግነውን ለሰው እናድርግ።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፥ በምግብ አዳራሻችን ጥግ ሁልጊዜ ባንድ ወንበር፥ ባንድ ሰዓት፥ ብቻውን የሚበላ ተማሪ ሳታውቅ አትቀርም። ቅጽል ስምም አውጥተንለት ይሆናል። ከአምሳ ዓመት በኋላ እሱም ሽማግሌ ይሆናል። ዛሬ ትሪህን ይዘህ ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ፤ ወሬ ባታበዛበት ግድ የለም። ነገም በዚያው ሰዓት ተገኝ።