ንጹሕ ኃይሏን ሳትመዝን ጉልበቷን በርካሽ የምትሸጥ አገር

ቡና ገዢ «አንድ ፈረሱላ ነው፤ እመነኝ» ስለተባለ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። «ሚዛን ይምጣ» ይላል። ሚዛኑም የሻጩ ባይሆን ይመርጣል።

የኢትዮጵያ ልብስና ጨርቃጨርቅ አምራቾች ግን «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ከቅጠል ሥዕል ጋር ለጥፈው የአውሮፓ ገዢ እንዲያምናቸው ይጠብቃሉ። ይህ በር እየተዘጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ ማስረጃ የሌለውን እንዲህ ያለ ጥቅል ማስታወቂያ ይከለክላል።

ሚዛኑ ምንድን ነው? የምርት የአካባቢ መግለጫ፣ በአጭሩ ኢፒዲ የሚባለው ሰነድ ነው። በአይኤስኦ 14025 መሠረት ይዘጋጃል። አንድ ምርት ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ ምን ያህል ኃይልና ውሃ እንደፈጀ፣ ምን ያህል ካርቦን እንዳስወጣ በቁጥር ያስቀምጣል። ገለልተኛ አረጋጋጭ ሒሳቡን ሳይመረምር አይወጣም። ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ምርቱን አያሞግስም፣ አይኮንንም፤ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል።

ከዚህ ቁጥር ማን ይጠቀማል? የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃና ከነፋስ የሚመጣ ነው። ክር መፍተልና ጨርቅ መሸመን ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል። በድንጋይ ከሰል ኃይል ከሚሠራ ተፎካካሪ አንጻር ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ነገር ግን አምራቹ የራሱን ቁጥር ካላቀረበ ገዢው የዓለም አማካይ ወስዶ ያሰላል። በአማካዩ ውስጥ የሌሎች ከሰል አለ። የግድቡ ውሃ በወረቀት ላይ ጭስ ይሆናል ማለት ነው።

አካሄዱ በሌላ ዘርፍ ታይቷል። በሲሚንቶ፣ በብረትና በአሉሚኒየም ላይ የተጣለው የአውሮፓ የድንበር ካርቦን ክፍያ በ2026 ሥራ ጀምሯል፤ የተረጋገጠ ቁጥር ያልቀረበለት ዕቃ ጭማሪ በታከለበት ግምት ይሰላል። ልብስ ዛሬ በዚህ ውስጥ የለም። ነገ ሲገባ መለካት መጀመር ግን መዘግየት ነው።

እስከዛሬ አገሪቱ ለባለሀብት ያስተዋወቀችው ምንድን ነው? ርካሽ ጉልበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የልብስ ሠራተኛዋ የወር መነሻ ደመወዝ 26 ዶላር ነበር። የሠራተኛዋ ድህነት ተለክቶ ለገበያ ቀረበ፤ የወንዙ ንጽሕና ሳይለካ ቀረ።

«ወጪው ከባድ ነው፤ አረጋጋጩም በውጭ ምንዛሪ ይከፈለዋል» የሚል መልስ ይሰማል። እውነት አለው። ለዚህ ነው መግለጫውን በዘርፍ ደረጃ፣ በጋራ ማዘጋጀት የሚፈቀደው። ደግሞም መለኪያው ለገዢ ብቻ አይደለም። ቦይለሩ የሚያባክነውን ነዳጅና ማቅለሚያ ክፍሉ የሚደፋውን ውሃ ለባለቤቱ ያሳያል። አንዳንዱ ፋብሪካ መለካት የሚፈራውም ይህ እንዳይታይበት ይሆናል።

የኢንዱስትሪ ሚኒስቴርና የአምራቾች ማኅበር ለአንድ ባዛር የሚያወጡትን ድካም ለአንድ የጋራ መግለጫ ያውሉት። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።