ጠገራ ብሩ ከመከፈሉ በፊት ይቆጠር፣ ይመዘን

 ዛሬ ስለ ሰሊጥ ወይም ስለ ምንዛሪ አይደለም የምንጽፈው። ከእናትና ከአያት ስለሚወረሰው ጠገራ ብር ነው።

የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይ የወድ መደኒ ሰው በፋው በኩል ወደ ገዳሪፍ ከጎረፈ ጀምሮ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር ከየሣጥኑ እየወጣ ነው። ገበያ ላይ የምናየው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወራሽ ችግር ሲይዘው ከረጢቱን እንዳለ ለወርቅ ሠሪ በጅምላ ይሰጣል። ሌላው ደግሞ «1780 የሚል ሳንቲም ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ወሬ ስልክ ላይ አይቶ ከእህቱ ጋር ይጣላል። የእኛ አቋም አጭር ነው፤ ውርስ ሳይቆጠር፣ ሳይመዘንና ሳይለይ አይከፈል፤ ይህም ወራሾቹ ሁሉ ባሉበት ይሁን።

ከወሬው እንጀምር። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆች 1780 ነው። ብሩ ግን እሷ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ቪየና ብቻ አይደለችም፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መትተውታል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ አስመትታለች። ስለዚህ 1780 የሚለው ጽሑፍ የሳንቲሙን ዕድሜ አይናገርም። አያታችን የተዉት ብር ሁለት መቶ ዓመት የሞላው ሊሆን ይችላል፣ በአያታችን ዕድሜ የተመታም ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ታዲያ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ወለል ዋጋ አለው፣ እሱም በውስጡ ያለው ብር ነው። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከመቶው 83 ያህሉ ንጹህ ብር ስለሆነ 23.4 ግራም ይወጣዋል። ዓለም ብርን የሚገበያይበት አውንስ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ አራት ጠገራ ብር ሦስት አውንስ ንጹህ ብር ነው ብላችሁ ያዙ። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን የአንዱ ጠገራ ወለል 22 ዶላር ተኩል ነው ማለት ነው። የዕለቱን ዋጋ ከስልክ አይቶ በሦስት ማባዛት፣ ለአራት ማካፈል ነው። ወርቅ ሠሪው ለማቅለጫና ለትርፉ ቢቀንስ ያስኬዳል፤ ግማሹን ቢቆርጥ ግን ወለሉን የሚያውቅ ሰው ተነስቶ ይሄዳል።

አስመስሎ የተሠራም ስላለ በትንሽ ሚዛን አንድ በአንድ መመዘን ነው። በጣም የቀለለውን ለብቻው አስቀምጡ። ማግኔት የሚስበው ብር አይደለም። የደህናው ብር ጠርዝ ዙሪያውን ጉልህ የላቲን ፊደል አለበት፤ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ተጠራጠሩ። የጥንት ነጋዴ የንግሥቲቱን ዕንቁ ቆጥሮ ይቀበል የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ መለየት ነው። የአፄ ምኒልክ ብር ከጠገራው ክምር ጋር አይቀላቀል። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈበት፣ በአንድ በኩል አንበሳ ያለበት ነው። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ስለሆነ በሚዛን ብቻ የሚገዛ ሰው ሁለቱን አይለይም። ሳንቲም ሰብሳቢ ግን ይለያል፣ ለዓመቱና ለጥራቱም ጨምሮ ይከፍላል። አላዱና ግርሹም እንዲሁ ለብቻ ይቀመጥ። የሱዳኑ ኸሊፋ ዓብዱላሂ ኡምዱርማን ላይ ያስመታው ሃያ ቅርሽ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜ መዳብ እየበዛበት ስለሄደ በብርነቱ ብዙ አያወጣም፤ ዋጋው በታሪክነቱ ነው። በወርቅ ሠሪ ሚዛን የሚሸጠው ይከስራል።

አንድም ሳንቲም በአመድ፣ በሎሚ ወይም በአሸዋ አይፈተግ። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካውን ነው። የተበሳና ማንጠልጠያ የተበየደበት ብር በሰብሳቢ ዘንድ ይረክሳል፣ በሚዛን ግን ብርነቱ አይጠፋም። የአንገት ጌጥ ሆኖ ሙሉውን ያለ ከሆነ እንደ ጌጥ የሚገዛው ሰው ስላለ ሳትጠይቁ አትበጣጥሱት።

«የተራበ ሰው ሰብሳቢ እስኪያገኝ ይጠብቅ ወይ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ የመኪና ክፍያና የልጅ መድኃኒት አይጠብቅም። እኛም ጠብቁ አላልንም። ተራውን ጠገራ በወለሉ ሽጡ፣ የተለየውን አቆዩ ነው የምንለው። መለየቱ ከአንድ ከሰዓት በላይ አይፈጅም።

ሕጉንም አንርሳ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የአክሱም ሳንቲም የመሰለ ነገር ከተገኘ የገበያ ዕቃ አይደለም። በመተማ በኩል በሻንጣ ይዞ መሻገር ሰውንም ዕቃውንም ያስይዛል።

የመጨረሻውና ዋናው የሴቶች ድርሻ ነው። ጠገራው ብዙ ጊዜ የእናት ጌጥ ሆኖ ሳለ ወደ ገበያ ይዞት የሚሄደው ወንድም ነው። ሲመለስ «ይህን ያህል አወጣ» ይላል፣ እህቶቹም በቃሉ ይካፈላሉ። ሌባ ነው ማለታችን አይደለም፤ እሱም ተታልሎ ሊሆን ይችላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። በሸሪዓ የሚካፈል ቤተሰብ ደግሞ ለሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ይሰጣል። እኩልም ይሁን ግማሽ፣ ጠቅላላው ሳይታወቅ ድርሻ አይታወቅም።

ስለዚህ አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። በየረድፉ የሳንቲሙ ዓይነት፣ ዓመቱ፣ ግራሙ፣ የተበሳ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ከሥር ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፣ መፈረም የማይችል አሻራውን ያኑር። የሁለት ወርቅ ሠሪዎች ዋጋ በጎን ይመዝገብ። ከዚያ በኋላ መሸጥም ማቆየትም የቤተሰቡ ነው።