ጭማሪ የጠየቀች ወንጀለኛ

ጅዳ ውስጥ ለኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ የሚጨመርላት ሥራ ብቻ ነው። ለአንድ ቤት ተብላ በኮንትራት የመጣች ልጅ የማዳሟን፣ የአሠሪዋን፣ እህት ቤት ታጥባለች፣ የእናቲቱንም ምንጣፍ ታራግፋለች። ወር ሲደርስ ግን ያቺው 1,000 ሪያል ናት፤ እሷም ዘግይታ ዘግይታ።

እኔም መካ በነበርኩበት ቤት ጭማሪ ጠይቄ አውቃለሁ። «ኢንሻአላህ፣ ከረመዳን በኋላ» ተባልኩ። ረመዳን አለፈ፤ «ከሐጅ በኋላ» ሆነ። ሐጃጁ ተስተናግዶ ሄደ፣ ድስቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ጭማሪው የለም። ደግሜ ስጠይቅ ማዳም ጮኸችብኝ፦ «አንቺን ለማምጣት ስንት እንደከፈልኩ ታውቂያለሽ?» የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየት ነውር ነው ተብሎ በሚሰበክበት ከተማ፣ ከሐረም መስጊድ ብዙም በማይርቅ ቤት!

እሺ፣ ስንት ነው የሚከፈለው? እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የሳዑዲ የሰው ሀብት ሚኒስቴር የማስመጫ ዋጋን ጣሪያ ሲከልስ ለፊሊፒንስ ሠራተኛ 14,700፣ ለኬንያ 9,000፣ ለኡጋንዳ 8,300፣ ለኢትዮጵያዊት 5,900 ሪያል አደረገው። ቀሚስ ገበያ ላይ እንኳ እንዲህ አይወርድም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እነዚያው ማዳሞች በየሰፈሩ በስልክ ሠራተኛ ያፈላልጋሉ፤ ለአንድ ወር የእኛን ደመወዝ እጥፍና ከዚያም በላይ ይከፍላሉ። ገንዘብ የለም የሚል ሰው ይህንን ያስረዳኝ።

«ታዲያ ሥራ ቀይሪያ!» ይለኛል አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ። እሱ ቢሮ ለቆ ሌላ ቢሮ ሲገባ ቤተሰቡ ድግስ ይደግሳል። እኔ ብለቅ ካፊሉ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ ጠፋች ብሎ ያመለክታል፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላጣ እችላለሁ፤ ከተያዝኩ ማረፊያዬ በጅዳና በመካ መካከል ያለው የሽሜሲ እስር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሳዑዲ የግል ድርጅት ሠራተኛ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ይችላል የሚለውን ደንብ ሥራ ላይ ስታውል ዓለም አጨበጨበላት። የቤት ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ አትክልተኛና እረኛ ግን አይመለከታቸውም ተባለ። እኛ ማለት እኮ እነሱ ነን! ተበድላ የወጣችውን ልጅ ደግሞ ሀገር ቤት ያለው ሰው «ባለጌ፣ ከሰው ቤት ጠፋች» ብሎ ያማታል። ሐሜተኞቹን ይበልጥ የምጠላቸው ገንዘብ ስትልክ እጃቸውን ዘርግተው የተቀበሉ ስለሆኑ ነው።

የራሴ መንግሥት ግን ከማዳሟ በላይ ያናድደኛል። ፊሊፒንስ ለቤት ሠራተኞቼ ከ400 ዶላር በታች አልቀበልም አለች፤ 1,500 ሪያል መሆኑ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቆጥታ ከዚያ ሀገር መቅጠር አቆመች። ማኒላ አልተንበረከከችም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሪያድ ራሷ በ400 ዶላሩ ተስማማች። በዚያ ጠብ መሀል ክፍተቱን የሞላው ማን ነበር? በየቀበሌው በደላላ የተሰበሰቡ የእኛ ልጆች! በርካሽ ገባን፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ሆነን ተጠርዘን ተመለስን። ከዚያ ሁሉ እንባ በኋላ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ፤ የደመወዝ ወለላችንም 1,000 ሪያል ሆነ። ሌሎች ርካሽ ስለሆኑ ዋጋ ከጨመርን ገበያውን እናጣለን የሚሉ ባለሥልጣናት አሉ። የማስመጫ ዋጋውን ዝርዝር ይዩት፤ ከኬንያና ከኡጋንዳ በታች ያለነው እኛ ነን።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወንድሜ ደውሎ «ደመወዝሽ ጨመረ አይደል!» አለኝ። በ15 ብር ይመነዘር የነበረው ሪያል በወራት ውስጥ 30 አለፈ። ወንድሜ፣ እኔ አልጨመረልኝም፤ ብርህ ነው የወደቀው። እዚህማ እ.ኤ.አ. በ2020 ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ5 ወደ 15 በመቶ ሲዘል ሳሙናዬም የስልክ ካርዴም ተወዶብኛል።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሆይ፣ ከሳዑዲ ጋር ያለውን ውል ክፈቱት። 1,500 ጻፉበት፤ ካፊል የመቀየር መብትም ጻፉበት።

አንቺ እህቴ ደግሞ እነሱን እየጠበቅሽ አትቀመጪ። ኮንትራትሽ ሁለት ዓመት ሲሞላ በ1,000 አታድሺ። ማዳም አንቺን ሸኝታ ሌላ ኢትዮጵያዊት ልታመጣ ብትል እስከ 5,900 ሪያል ትከፍላለች፤ ወራትም ትጠብቃለች፤ ልጆቿን ያልለመደች፣ ቋንቋ ያልያዘች ልጅ ትቀበላለች። በወር 200 ብትጨምርልሽ በሁለት ዓመት የምታወጣው 4,800 ነው። ሒሳቡን በወረቀት ጽፈሽ አሳያት።