ኳርተርባክን ማስጨነቅ፡- በብዛት ወይስ በጥራት?

እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 9 ቀን 2025 በኒው ኦርሊንስ በተካሄደው የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውል፣ ፊላደልፊያ ኢግልስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ22 አሸነፈ። ይህ ቁጥር ግን የጨዋታውን መልክ በሚገባ አያሳይም። ለዕረፍት ሲወጡ 24 ለባዶ፣ በሦስተኛው ሩብ ደግሞ 34 ለባዶ ነበር። በተከታታይ ሦስተኛ ዋንጫ ሊወስድ የመጣው የቺፍሱ ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ኳሱን ሳይወረውር ስድስት ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል፤ ሁለት ኳሶችም ተነጥቀውበታል። ከሁሉም የሚያስገርመው ግን የኢግልስ የመከላከል አሠልጣኝ ቪክ ፋንጂዮ በዚያ ምሽት አንድም ጊዜ «ብሊትዝ» አለማዘዛቸው ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚያስገርም ለመረዳት ስሌቱን ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ያሰልፋል። በአጥቂው ወገን አምስት ግዙፍ ሰዎች ኳርተርባኩን ይከልላሉ፤ የቀሩት አምስቱ ኳስ ሊቀበሉ ይችላሉ። ተከላካዩ ቡድን በተለመደው አሠራር አራት ሰው ወደ ኳርተርባኩ ይልክና በሰባቱ ሜዳውን ይጠብቃል። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ሰው ሲጨምር ግን ብሊትዝ ይባላል። ቃሉ በጀርመንኛ መብረቅ ማለት ነው። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ ሐሳቡ ከለላ ሆነው ከቆሙት የበለጠ ሰው ልኮ ኳርተርባኩን ማስደንገጥ ነው።

ችግሩ ወደፊት የተላከው ሰው ከኋላ የተነሳ መሆኑ ነው። ስድስት ሰው የላከ ቡድን ለአምስት ተቀባዮች አምስት ጠባቂ ብቻ ይቀረዋል። አንዱ ቢሳሳት የሚሸፍንለት የለም። ስለዚህ ብሊትዝ እንደ ብድር ነው፤ ጫናውን ዛሬ ይሰጣል፣ ዕዳውን ግን ከኋላ መስመር ያስከፍላል። ዕዳው የማይጠየቀው መብረቁ ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ ከመውጣቱ በፊት ከደረሰ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ከሦስት ሰከንድ አይበልጥም።

የ1985ቱ ቺካጎ ቤርስ የዚህ ሁለት ገጽታ ምስክር ነው። የመከላከል አሠልጣኙ በዲ ራያን ከየአቅጣጫው ሰው እየላኩ ሊጉን አሸብረው ነበር። በጃንዋሪ 1986ቱ ሱፐር ቦውል ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስን 46 ለ10 ሲረቱ የተጋጣሚያቸው ኳርተርባኮች ሰባት ጊዜ ወድቀዋል። ሆኖም በዚያ ዘመን ቤርስ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፏል። ያሸነፈው ማያሚ ዶልፊንስ ሲሆን፣ ውጤቱም 38 ለ24 ነበር። የማያሚው ዳን ማሪኖ ደግሞ ኳስን ከእጁ በፍጥነት በማስወጣት የታወቀ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የታዩት ትላልቅ ድሎች ሌላ መንገድ ያሳያሉ። በፌብሯሪ 2008 ኒው ዮርክ ጃየንትስ 18 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን ፓትሪየትስን 17 ለ14 ሲጥል፣ ቶም ብሬዲን አምስት ጊዜ መሬት ያስነካው ጫና በዋናነት የመጣው ከመስመር ሰዎቹ ነበር። በፌብሯሪ 2021 ታምፓ ቤይ ማሆምስን 31 ለ9 ሲያሸንፍ፣ ብሊትዝ በመውደድ የሚታወቁት አሠልጣኝ ቶድ ቦውልስ መሣሪያቸውን እጅግ ቆጥበው ነበር። እርግጥ ነው፣ ቺፍስ በዚያ ቀን ሁለቱን የዳር መስመር ጠባቂዎቹን በጉዳት አጥቶ ነበር። ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው፤ አራቱ ከበቁ ሰባቱ ከኋላ ይቀራሉ፤ ኳርተርባኩም የሚወረውርበት ክፍት ቦታ ያጣል።

ታዲያ ሁሉም ቡድን ለምን እንዲህ አያደርግም? መልሱ ገንዘብ ነው። በአራት ሰው አምስት ጠባቂን የሚያሸንፉ ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውም ከባድ ነው። ሊጉ ከ1994 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ማይካ ፓርሰንስ ከዳላስ ወደ ግሪን ቤይ ሲዛወር ለአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ዶላር ተፈርሞለታል። ይህም በወቅቱ ኳርተርባክ ላልሆነ ተጫዋች ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ኢግልስም ከዚህ አላመለጠም። በፍጻሜው ማሆምስን ከጣሉት መካከል ጆሽ ስዌት ሁለት ተኩል፣ ሚልተን ዊሊያምስ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦላቸዋል። ከስድስቱ አራት ተኩሉ የእነሱ ነበር ማለት ነው። አንድ ወር እንዳለፈ ዊሊያምስ በ104 ሚሊዮን ዶላር ወደ ኒው ኢንግላንድ፣ ስዌት በ76.4 ሚሊዮን ዶላር ወደ አሪዞና ሄዱ። ሻምፒዮኑ ቡድን ዋንጫውን ያስገኙለትን እጆች ማቆየት አልቻለም።

በመሆኑም ብሊትዝ ሞቷል ማለት ስህተት ነው። አራት ብርቱ ሰው መግዛት ላልቻለ ቡድን አሁንም ያለው መሣሪያ እሱ ነው። ነገር ግን በጥቂቱና ባልታሰበ ሰዓት ካልሆነ በቀር አያዋጣም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል አባባሉ። ኢግልስ የታጠቀው ለዓመታት ቁጭ ብሎ ነው። ያም ሆኖ ትጥቁን የፈታበት ጨዋታው ሳይሆን ገበያው ነው።